ባክቴሪያ የሚያቀልመው ጨርቅ

በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ነጣ ወይም ገረጣ ያሉ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ሳህኑን ደም የፈሰሰበት ያስመስሉታል። ሐምራዊ የሚያደርጉትም አሉ። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች፣ ከፈንገስ ወይም ከእርሾ የሚገኘውን ቀለም ወስዶ ክርና ጨርቅ ማቅለም የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ዓላማው ዛሬ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራውን የጨርቅ ቀለም ከተቻለ መተካት፣ ካልተቻለም ድርሻውን መቀነስ ነው።

ነገሩ አዲስ ይመስላል። ግማሹ ግን ጥንታዊ ነው።

ድሮም ነበሩ

ኢንዲጎን እንውሰድ። የጂንስ ሰማያዊ ቀለም እሱ ነው። ኢንዲጎ በውኃ አይሟሟም። ስለዚህ ጨርቅ እንዲሁ ቢነከርበት አይዝም። መጀመሪያ ወደሚሟሟና ቢጫማ አረንጓዴ ወደሆነ መልክ መለወጥ አለበት። ጨርቁ የሚነከረው በዚያ ነው። ወጥቶ አየር ሲያገኘው ዓይን እያየ ወደ ሰማያዊ ይዞራል፤ ክሩ ውስጥም ተቆልፎ ይቀራል።

ዛሬ ፋብሪካዎች ይህን ለውጥ በአብዛኛው ሶዲየም ዳይታዮናይት በሚባል ኬሚካል ያደርጉታል። ድሮ ይህን የሚሠራው ባክቴሪያ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ዎድ የተባለው ተክል፣ ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሌላ የኢንዲጎ ተክል ቅጠሉ ገንዳ ውስጥ ይብላላ ነበር። ባክቴሪያ የሚባል ነገር መኖሩን ግን ማንም አያውቅም። ነካሪዎቹ የሚያውቁት ገንዳው ሞቅ ማለት እንዳለበት፣ ፉርሽካ ጣል ቢደረግለት እንደሚወድ፣ ሽታው ሲቀየር ጊዜው መድረሱን ነው። ክሎስትሪዲየም አይሳቲዲስ የተባለው ባክቴሪያ በኋላ ተለይቶ የታወቀው ከእንዲህ ያለ የዎድ ገንዳ ነው። ስሙም የወጣለት ከተክሉ የላቲን ስም ነው።

ላይከንም አለ። ድንጋይና ግንድ ላይ የሚለጠፈው ያ ሽበት መሰል ነገር በእርግጥ አንድ ተክል አይደለም፤ ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ጎጆ ነው። ከአንዳንዱ ላይከን ሐምራዊ ቀለም ለማውጣት በከረመ ሽንት ውስጥ ለሳምንታት ይዘፈዘፍ ነበር። ሽንቱ አሞኒያ ስለሚሰጥ ነው። የድሮ ቀለም ነካሪዎች ሰፈራቸው ከከተማው ራቅ እንዲል ይደረግ የነበረው ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ይህን ሁሉ የለወጠው እ.ኤ.አ. 1856 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የ18 ዓመቱ ዊልያም ፐርኪን ለንደን ውስጥ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ከድንጋይ ከሰል ተረፈ ምርት ለመሥራት ይሞክራል። ያገኘው ጥቁር ዝቃጭ ነበር። በአልኮል ሲያጥበው ሐምራዊ ሆነ። ሐርንም ያዘ። ከዚያ በኋላ ኬሚስቶች ቀለም በቀለም ላይ ደረደሩ። የጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ ባስፍ በ1897 ሰው ሠራሽ ኢንዲጎ ለገበያ አቀረበ፤ የኢንዲጎ እርሻም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተንኮታኮተ።

ታዲያ ምን ጎደለ?

እውነቱን ለመናገር ሰው ሠራሽ ቀለም ጥሩ ዕቃ ነው። ደማቅ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይወጣል። ችግሩ ያለው ከፊቱና ከኋላው ነው። ኢንዲጎ ዛሬ የሚሠራው ከአኒሊን፣ ከፎርማልዴሃይድና ከሳያናይድ ውሕዶች ነው። ጥጥ ለማቅለም ደግሞ ብዙ ውኃ፣ ብዙ ጨውና ሙቀት ያስፈልጋል። ጨርቁ ያልያዘው ቀለም ከፍሳሹ ጋር ይወጣል።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፤ ባያስቅም። ቀለሙ የተሠራው በፀሐይ እንዳይለቅ፣ በሳሙና እንዳይወጣ ተብሎ ነው። ወንዝ ሲገባም ያው ጠባዩ አብሮት ይገባል። በቀላሉ አይፈርስም። አዞ ከሚባሉት ሰው ሠራሽ ቀለሞች አንዳንዶቹ ሲፈርሱ ደግሞ ካንሰር አምጪ ውሕዶች ይሰጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን ከቆዳ ጋር ከሚገናኝ ልብስ ያገደው በ2002 ነው። ሕንድ ውስጥ በቲሩፑር የኖያል ወንዝ በፍሳሽ በመበከሉ በ2011 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የከተማዋ ማቅለሚያ ቤቶች እንዲዘጉ አዟል።

ወደ ተክልና ወደ እንስሳ ቀለም እንመለስ የሚሉ አሉ። ቀለሙ ያምራል። የዓለምን ልብስ ግን አይችልም። በ1909 ጀርመናዊው ኬሚስት ፓውል ፍሪድሌንደር የጥንት ነገሥታትን ሐምራዊ ቀለም ምንነት ለማወቅ 12,000 የባሕር ቀንድ አውጣዎች ተጠቅሟል። ያገኘው ቀለም 1.4 ግራም ነው። ተክሉም ቢሆን መሬት ይፈልጋል፣ ወቅት ይጠብቃል። ባክቴሪያ ግን ስኳር ከሰጡት በቀናት ውስጥ ታንኩን ይሞላል። መላው ተስፋ የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ቀለሞቹ

ዝነኛው ቀይ ፕሮዲጂዮሲን ይባላል። በ1819 በጣሊያን ሌኛሮ በምትባል መንደር የበቆሎ ገንፎ ላይ ደም የመሰለ ነገር እየታየ ሰው ተረበሸ። የእርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ተባለ። ባርቶሎሜዮ ቢዚዮ የተባለ ፋርማሲስት ግን የሚያድግ ሕያው ነገር መሆኑን አሳየና ሴራሺያ ብሎ ስም አወጣለት። ይኸው ባክቴሪያ ነው ፕሮዲጂዮሲን የሚሠራው። ቀለሙ በአሲድ ሲሆን ቀይ ነው፤ በአልካላይን ወደ ቢጫ ይሸሻል። ሳሙና ደግሞ አልካላይን ነው። ችግሩ ወዲያው ይታያል። ሴራሺያ የታመመ ሰው ላይ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ስለሚችልም ፋብሪካ ውስጥ በብዛት ማሳደጉ አይመከርም። ቀለሙን የሚሠሩ ሌሎች ባክቴሪያዎችን መፈለግ ወይም ጂኑን ወደማይጎዳ ባክቴሪያ ማዛወር ይሻላል። የሚገርመው ሌላ ጠባይም አለው። ሴራሺያ በሰው ሰውነት ሙቀት፣ ማለትም በ37 ዲግሪ፣ ቢያድግም ቀለሙን አይሠራም። ቀዝቀዝ ሲልለት ነው የሚቀላው።

ሐምራዊው ቫዮላሲን ነው። ክሮሞባክቴሪየም ቫዮላሲየም እና ጃንቲኖባክቴሪየም ሊቪደም የተባሉት ይሠሩታል። መነሻው ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲሆን ሥራውን የሚሠሩት አምስት ጂኖች ናቸው። አምስቱን አንድ ላይ ወደ ሌላ ባክቴሪያ ማሻገር ይቻላል፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች በጣም ይወዱታል። ሁለቱም ቀለሞች ሌሎች ባክቴሪያዎችን ያዳክማሉ። ጨርቁ ጀርም እንዲቋቋም የማድረግ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ሦስተኛውን ቀለም የሚሠራው ስትሬፕቶማይሲስ ኮሊከለር የተባለ ባክቴሪያ ነው። አፈር ውስጥ የሚኖር ነው። ዝናብ ሲጥል የሚሸተው የአፈር ሽታ በአብዛኛው የእሱና የዘመዶቹ ሥራ ነው። የሚሠራው አክቲኖሮዲን በአሲድ ቀይ፣ በአልካላይን ሰማያዊ ይሆናል። ናትሳይ ኦድሪ ቺዬዛ የተባለችው ዲዛይነር ይህን ባክቴሪያ ሐር ላይ እያሳደገች ሮዝ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ የተዋሃዱበት ጨርቅ ሠርታለች። ጨርቁን ማጠፍና መቋጠር ባክቴሪያው የት እንደሚያድግ ስለሚወስን ንድፉ ራሱ ከዕድገቱ ይወጣል።

ከፈንገስ በኩል ሞናስከስ አለ። በእስያ ሩዝን ቀይ ለማድረግ ሲያገለግል ኖሯል። አንዳንዱ ዝርያው ግን ኩላሊት የሚጎዳ ሲትሪኒን የተባለ መርዝ ይሠራል። ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ደኅና ነው ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው። ክሎሮሲቦሪያ የተባለው ፈንገስ ደግሞ የበሰበሰ እንጨትን ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይቀይራል። የጣሊያን አናጺዎች በህዳሴ ዘመን ይህን እንጨት እየቆረጡ በጌጥ ሥራቸው ላይ ቅጠልና መስክ ይሠሩበት ነበር። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም ቀለሙ አለ። ፈንገሱ ግን የሚያድገው እጅግ ቀስ ብሎ ነው፤ ነጋዴ የሚታገሰው አይደለም።

የኢንዲጎ ረጅም መንገድ

በ1983 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ናፍታሊንን የሚበላ ባክቴሪያ ጂን ኢ. ኮላይ ወደሚባል ሌላ ባክቴሪያ አስገቡ። ኢ. ኮላይ ሰማያዊ ሆነ። ነገሩ ሲጣራ የገባው ኢንዛይም ባክቴሪያው ራሱ የሚሠራውን ኢንዶል የተባለ ውሕድ እየቀየረ፣ አየሩ ደግሞ ቀሪውን እየጨረሰ ኢንዲጎ አድርጎት ነበር። ያለ ተክል፣ ያለ ፋብሪካ።

ኩባንያዎች በ1990ዎቹ ተከታተሉት። ከስኳር ጀምሮ እስከ ኢንዲጎ የሚደርስ ባክቴሪያ ተሠራ። ግን ኢንዲሩቢን የተባለ ቀይ ቀለም አብሮ እየተሠራ ሰማያዊውን ያቀላው ነበር። ይህም ተስተካከለ። ያልተስተካከለው ዋጋው ነው። ከኬሚካሉ ኢንዲጎ ጋር በዋጋ መወዳደር አልተቻለም። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት በሳይንስ አሸንፎ በገበያ መሸነፍ እንዳለ ነው።

በ2018 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የጆን ዱበር ቡድን ሌላ ጥያቄ አነሳ። ኢንዲጎን ማን ይሥራው የሚለውን ትተው፣ ዳይታዮናይት ያለበት ገንዳ ለምን ያስፈልጋል አሉ። ተክሉ የኢንዲጎን መነሻ የሚያስቀምጠው ስኳር አስሮበት ነው፤ ኢንዲካን ይባላል፤ በውኃ ይሟሟል። ቡድኑ ስኳሩን የሚያስረውን የተክል ጂን ወደ ኢ. ኮላይ አስገባ። ባክቴሪያው ኢንዲካን ሠራ። ጨርቁ በኢንዲካን ይነከራል፤ ከዚያ ሌላ ኢንዛይም ስኳሩን ሲቆርጠው ኢንዲጎው እዚያው ክሩ ላይ ይሠራል። ዳይታዮናይት የለም። ይህ ለኔ ከ1983ቱ የበለጠ ብልህ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩን የነካው በነካሪው ገንዳ በኩል ነው።

ጨርቁ ይያዘው

እዚህ ላይ ነው ብዙ የጋዜጣ ዘገባ ዘሎ የሚያልፈው። ቀለም መሥራት አንድ ነገር ነው። ጨርቅ ማቅለም ሌላ ነው።

የተለመደው መንገድ ባክቴሪያውን ታንክ ውስጥ ማሳደግ፣ ቀለሙን በአልኮል ወይም በሌላ አሟሚ ማውጣት፣ ከዚያ እንደማንኛውም ቀለም መጠቀም ነው። ይሠራል። ግን የአሟሚው ወጪና ጣጣ ይጨመራል። ሁለተኛው መንገድ ባክቴሪያውን ቀጥታ ጨርቁ ላይ ማሳደግ ነው። ውጤቱ ያምራል፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ለሥነ ጥበብ ግሩም ነው፤ ሺህ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለሚፈልግ ግን ራስ ምታት ነው። ሦስተኛውን የሚከተለው ኮሎሪፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ቀለሙን ተሸክመው ያሉትን ደቂቅ ተሕዋስያን ከነሾርባቸው ወደ ማቅለሚያ ማሽን ያስገባል፤ ሙቀት ሕዋሳቱን ያፈነዳቸውና ቀለሙ ጨርቁ ላይ ያርፋል። ማውጣት የሚባለው ደረጃ ይቀራል። የኩባንያው መሥራቾች መጀመሪያ የሚሠሩት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ያለ ብክለትን በቀለም የሚጠቁም ባክቴሪያ ላይ ነበር። ቀለሙን ልብስ ላይ ብናውለውስ ያሉት በኋላ ነው።

ከዚያ የክሩ ጠባይ ይመጣል። ቫዮላሲንና ፕሮዲጂዮሲን ውኃ አይወዱም። ሐር፣ ሱፍና ናይለን ደኅና አድርገው ይይዟቸዋል፤ ፖሊስተርም ያስገባቸዋል። ጥጥ ግን እምቢ ይላል። ኬሚካሉ ሪአክቲቭ ቀለም ከጥጥ ጋር በኬሚካል ትስስር ይጣበቃል፤ እነዚህ ላዩ ላይ ብቻ ይቀመጣሉ። አያያዥ ጨው መጨመር ይቻላል፤ አንዳንዱ አያያዥ ግን ራሱ ከባድ ብረት ነው። ብክለት ለመሸሽ ተብሎ ሌላ ብክለት ማለት ነው።

ፀሐይም አለች። ልብስ ለብርሃን ያለው ጥንካሬ ከ1 እስከ 8 በሆነ መለኪያ ይመዘናል። ከእነዚህ ቀለሞች ብዙዎቹ ዝቅ ያለ ውጤት ነው የሚያገኙት፤ በተለይ ፕሮዲጂዮሲን ብርሃን ላይ ቶሎ ይለቃል። ሁለት የኔዘርላንድስ ዲዛይነሮች ከስፖርት ልብስ አምራቹ ፑማ ጋር በ2020 ባሳዩት ሥራ ይህን ድክመት አልደበቁትም። በባክቴሪያ የቀለሙትን የስፖርት ልብሶች ለመደብዘዝ የተሠሩ ብለው ሰየሟቸው። ብልጠት ነው። የሥራ ዩኒፎርም ለሚገዛ ድርጅት ግን አይሸጥም።

ሒሳቡ

ታንኩ ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት፤ ባዕድ ባክቴሪያ ከገባ ያ ዙር ተበላሸ ማለት ነው። ማጽጃው እንፋሎት በ121 ዲግሪ ነው፤ ይህ ኃይል ይበላል። ባክቴሪያው የሚበላው ስኳርም ከእርሻ ይመጣል። ጂኑ የተለወጠ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ መገደል አለበት፤ ፈቃዱም የራሱ ሂደት አለው። እነዚህ ሳይደመሩ ለአካባቢ ተስማሚ ቀለም የሚል ጽሑፍ ልብስ ላይ ቢለጠፍ ብዙ ትርጉም የለውም። ተደምረውም ጥቅሙ ሊወጣ ይችላል፤ በተለይ በውኃና በመርዛማ ኬሚካል በኩል።

ቀለሙ በዓይነትም ገና ጠባብ ነው። ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቡናማ ይገኛል። ፋሽን ያለሱ የማይሆንለት ጥቁር ግን አስቸጋሪ ነው። ባክቴሪያ ሜላኒን የተባለ ጥቁር ቀለም ይሠራል፤ ሞለኪዩሉ ግን ግዙፍና የማይሟሟ ስለሆነ ክሩ ውስጥ አይገባም።

ለዚህ ይመስላል አንዳንዶች መሐል መንገዱን የመረጡት። ፒሊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ደቂቅ ተሕዋስያኑን ሙሉ ቀለም ሥሩ አይላቸውም። አንትራኒሊክ አሲድ የተባለውን መነሻ ብቻ ከስኳር ይሠሩለታል፤ ቀሪውን ኬሚስቶች ይጨርሱታል። ባስፍ በ1897 ኢንዲጎ ለመሥራት ያለፈውም በዚሁ አሲድ በኩል ነበር። ያኔ አሲዱ የመጣው ከድንጋይ ከሰል ናፍታሊን ነው።