ግባችሁን ጽፋችኋል፣ ነገ ጠዋት ግን የት ናችሁ?

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ስፌት ነው የማስተምረው። ግን ሆቴል አዳራሽ «የስኬት ስልጠና» ወስደው የሚመጡ ልጆች በዙብኝና እዛ የሞሉባቸውን ወሬ ሳላራግፍ ኪስ እንኳን ማሰፋት አልቻልኩም። ሰለቸኝ በቃ።

«21 ቀን ከደጋገምሽው ልማድ ይሆናል።» ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች 96 ሰው ተከታትለው ያገኙት አማካይ 66 ቀን ነው፣ በ18 የሚሆንለት አለ 254 የሚፈጅበትም አለ። በ22ኛው ቀን «አልተፈጠርኩለትም» ብላችሁ እንዳትቀሩብኝ።

«መጀመሪያ ዓላማህን እወቅ ከዛ ትጀምራለህ።» ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣ ዓላማውን ሲፈልግ 30 የሞላው ስንቱ ነው አቦ።

«ቆራጥ ሰው ሥራውን ለቆ ነው የሚገባበት።» የቤት ኪራዩን ማን ይክፈለው?

አሁን ወደ ዋናዋ። «ግብህን ወረቀት ላይ ካሰፈርክ ግማሹን ጨርሰሃል።» አሰልጣኞቹ የማይተዋት ታሪክ አለች፣ በፈረንጆች 1953 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁት ግባቸውን የጻፉት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ግን የነሱ ሀብት የ97 በመቶዎቹ ተደምሮ ከሚሆነው በለጠ ይባላል። ታምራለች አይደል? እንዲህ የሚባል ጥናት የለም። ጋዜጠኞች ሄደው ጠይቀው ዩኒቨርሲቲው ራሱ አልተሠራም ብሏል፣ የኛዎቹ ግን ዛሬም ገንዘብ ተቀብለው በፕሮጀክተር ያሳያሉ።

አምና አንዷ ከኩታበር የመጣች ልጅ ደብተሯን አሳየችኝ፣ በቀይ እስኪርቢቶ «በ5 ዓመት የራሴ ፋብሪካ» ብላ ሁለቴ አስምራበታለች፣ ጥግ ላይ መኪናም ሥላለች። ነገ ስንት ሰዓት ማሽን ላይ ትቀመጫለሽ አልኳት። «ሲመቸኝ ቲቸር።» ኧረ በሞቴ! ለፋብሪካው ቀን ተቆርጦ ለነገ ጠዋት ሲመቸኝ?

የእውነት የተሠራ ጥናት ከፈለጋችሁ እንደ ፈረንጅ በ1997 የታተመ የጀርመኖች አለ፣ ተማሪዎች በገና እረፍት አንድ ጽሑፍ በ2 ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ታዘዙ፣ ከፊሎቹ ግን መቼ እና የት ተቀምጠው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ቦታና ሰዓት ከቆረጡት ከ10 ሰባቱ ላኩ፣ እሺ ብቻ ካሉት ከ10 ሦስቱ። ሁሉም የሚጽፉትን ያውቁ ነበር እኮ!

እናም የልጅቷን ደብተር ገልብጠን ጀርባው ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሦስተኛዋ ማሽን፣ 10 ኪስ» ብለን ጻፍን። «መብራት ከጠፋስ?» አለችኝ፣ ደስ አለኝ፣ እሱንም ጻፊው አልኳት፣ መብራት ከጠፋ በእግር የምትረገጠዋ ሲንጀር ላይ። መወሰን ለኔ ይሄ ነው፣ ጠረጴዛ መደብደብ አይደለም።

ደግሞ «ግብህን ለሰው ሁሉ ንገር፣ ስታፍር ትሠራዋለህ» የሚሉት አለ። እኔ ኮምቦልቻ ሁለተኛ ማሰልጠኛ ልከፍት ነው ብዬ ቡና ላይ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ አወራሁ፣ አብሽሪ፣ አንቺማ ትችያለሽ ተባልኩ፣ ተመረቅኩ፣ ሦስተኛው ጠጥተን ሳንነሳ የከፈትኩት ያህል ጠገብኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ የሚከራይ ቤት እንኳን ጠይቄ አላውቅም።

የኩታበሯ ልጅ ኪሷ አሁን ቀጥ ብሏል። ዚፕ ላይ ግን እስካሁን ታጣምማለች።