የረጋ ውሃ እንዴት ይሮጣል? «ስቲል ዋተርስ ረን ዲፕ» የተባለው የእንግሊዝኛ ምሳሌያዊ አነጋገር

«ስቲል ዋተርስ ረን ዲፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ምሳሌያዊ አነጋገር ቃል በቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው ሦስተኛው ቃል ላይ ሲደርስ መደናቀፉ አይቀርም። «ስቲል» የረጋ፣ ጸጥ ያለ ማለት ነው፤ «ዋተርስ» ውሃ ነው፤ «ዲፕ» ጥልቅ ነው፤ «ረን» ግን መዝገበ ቃላት ቀድሞ የሚሰጠው ፍቺ «ሮጠ» የሚል ነው። እንዳርመው በተሰጠኝ አንድ የትርጉም ሥራ ላይ ይኸው አነጋገር «የረጉ ውሃዎች ጥልቅ ይሮጣሉ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ተርጓሚው የአንዱንም ቃል ፍቺ አልሳተም፤ የሳተው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ተጣምረው የሚሠሩትን ሥራ ነው። ከዚህ የባሰም አለ፤ «ስቲል» በሌላ ቦታ «አሁንም» የሚል ፍቺ ስላለው፣ አነጋገሩን «ውሃው አሁንም በጥልቀት ይፈሳል» ብሎ የሚረዳ ተማሪ አይጠፋም።

አነጋገሩ የሚነገረው ስለ ውሃ ሳይሆን ስለ ሰው ነው። ንግግሩ ቁጥብ፣ ፊቱ የማይለዋወጥ፣ በጨዋታ መሀል ድምፁ የማይሰማ ሰው ሲገጥም፣ ከላይ የሚታየው ጸጥታ የውስጥ ባዶነት ምልክት እንዳልሆነና ከሥሩ ብዙ ሐሳብ፣ ብርቱ ስሜት ወይም ያልተገለጠ ዕቅድ ሊኖር እንደሚችል ለማመልከት ይጠቀሙበታል። በተከታታይ ስብሰባዎች አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የቆየ ባልደረባ አንድ ቀን እጁን አውጥቶ ሁሉም የተወዛገበበትን ጉዳይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢፈታው፣ አጠገቡ ከተቀመጡት አንዱ ወደ ሌላው ዘንበል ብሎ ይህንኑ ይናገራል። ዛሬ በአብዛኛው የሚሰማው እንዲህ ባለ የአድናቆት ቃና ነው፤ ሲጀመር ግን አድናቆት አልነበረበትም።

ከታሪኩ በፊት የ«ረን»ን ነገር መፍታት ያስፈልጋል። አማርኛ አንድ ነገር ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መለወጡን ሲናገር ብዙውን ጊዜ ሁሉንም በአንድ ግስ ይጠቀልለዋል፤ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ደረቀ፣ አረጀ፣ አበደ ስንል ሁኔታውም ለውጡም በግሱ ውስጥ አሉ። እንግሊዝኛ ይህንኑ ለሁለት ከፍሎ ለውጡን ለግስ፣ ሁኔታውን ለቅጽል ይሰጣል። «ተርን ሬድ» ሲነጣጠል «ዞረ» እና «ቀይ» ነው፤ ሲጣመር ግን ቀላ ማለት ነው። «ግሮው ኦልድ» አረጀ፣ «ጎ ማድ» አበደ፣ «ፎል አስሊፕ» እንቅልፍ ወሰደው፣ «ረን ድራይ» ደረቀ ወይም ነጠፈ ማለት ነው። በእነዚህ ውስጥ የሚዞርም፣ የሚሄድም፣ የሚወድቅም፣ የሚሮጥም የለም፤ ግሱ የራሱን ፍቺ አራግፎ «ሆነ» የሚለውን ሥራ ይሠራል። ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ተውሳከ ግስ ሳይሆን ቅጽል የሚሆነውም ለዚህ ነው። «ዲፕ» መጨረሻው ላይ «ሊ» ጨምሮ «ዲፕሊ» አይሆንም፤ የሚገልጸው አሯሯጡን ሳይሆን ውሃውን ነውና።

ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። «ዝም አለ» ስንል ሰውየው ያለው ነገር የለም፤ እንዲያውም የምንናገረው ምንም አለማለቱን ነው፤ ሆኖም «አለ» የሚለውን ግስ ሳንጠራጠር እንጠቀምበታለን። «ጭር አለ» እና «ቀጥ አለ» ስንልም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝኛው ውሃ ሳይሮጥ የሚሮጠው፣ የእኛ ዝምተኛ ምንም ሳይል «አለ» በሚባልበት መንገድ ነው።

ግሱ ፍቺውን አራገፈ ሲባል ግን ምንም ጣዕም አልቀረለትም ማለት አይደለም፤ ለእኔ የዚህ ነገር እጅግ ማራኪው ክፍል ይኸው የተረፈው ጣዕም ነው። «ጎ» ወደ ብልሽት ያዘነብላል፤ ወተት ሲኮመጥጥ «ጎ ሳወር»፣ ነጋዴ ሲከስር «ጎ ባንክራፕት»፣ ዓይን ብርሃኑን ሲያጣ «ጎ ብላይንድ» ይባላል። «ከም» በአንጻሩ ወደ መልካሙ ያደላል፤ ሕልም እውን ሲሆን «ከም ትሩ» ነው እንጂ «ጎ ትሩ» አይባልም። «ከም» ወደ ተናጋሪው መቅረብን፣ «ጎ» ደግሞ ከእርሱ መራቅን ስለሚያመለክት፣ ተናጋሪው ራሱን የሚያቆመው ነገሮች ደኅና በሆኑበት ወገን ይመስላል፤ የሚበላሸው ከእርሱ ይሄዳል፣ የሚቃናው ወደ እርሱ ይመጣል። ይህ ጠንካራ ሕግ አይደለም፤ ብሎን ሲላላ «ከም ሉስ» ይባላልና። «ፎል» ሰው ሳያስበው ድንገት ለሚገባበት ሁኔታ ይሆናል፤ ታመመ «ፎል ኢል»፣ ዝም አለ «ፎል ሳይለንት» ነው። «ረን» ምንጭ ሲነጥፍ፣ ስንቅ ሲያጥር፣ ስሜት ሲግል ይገባል፤ ከ«ዲፕ» ጋር ሲሆን ደግሞ ወደ ታች መዝለቅን ያሳያል። ስለ ቂም ወይም ስለ ፍቅር «ረን ዲፕ» ሲባል አማርኛው «ሥር ሰደደ» ይለዋል፤ ከዚህ የተሻለ አቻ አላገኘሁለትም።

ወደ አመጣጡ እንለፍ። የዚህ ሐሳብ ጥንታዊ ምስክር የሚገኘው በላቲን ነው። ኩዊንቱስ ኩርቲዩስ ሩፉስ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ በጻፈው የታላቁ እስክንድር ታሪክ ውስጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ330 የፋርሱን ንጉሥ ሦስተኛውን ዳርዮስን አስገድሎ ራሱን ያነገሠው ቤሱስ በባክትሪያ፣ በዛሬዋ አፍጋኒስታን አካባቢ፣ ግብዣ ላይ ተቀምጦ ሲፎክር ይታያል። ኮባሬስ የሚባል ሰው ተነሥቶ ለእስክንድር እጅህን ብትሰጥ ይሻላል የሚል ምክር ሲሰጠው የባክትሪያን ሰዎች ሁለት ምሳሌዎች ይጠቅሳል፤ ፈሪ ውሻ ከመንከሱ ይልቅ መጮኹ ይበረታል፣ እጅግ ጥልቅ የሆኑ ወንዞችም በትንሹ ድምፅ ይፈሳሉ። ቤሱስ ምክሩን የመለሰው ሰይፉን በመምዘዝ ነበር፤ ኮባሬስ አምልጦ ወደ እስክንድር ሄደ። የመጀመሪያው ምሳሌ «የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» ከምንለው ጋር አንድ ነው። ሁለተኛውን ከእርሱ ጋር አብሮ ሲያነቡት ትርጉሙ ይጠራል፤ የሚፈራው የሚፎክረው ሳይሆን ዝም ብሎ የሚገሰግሰው ነው።

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ላቲን ማስተማሪያ ሆነው ያገለገሉት፣ ካቶ በተባለ ሮማዊ ስም የሚታወቁት ባለ ሁለት መስመር ምክሮችም ሐሳቡን በግልጽ ማስጠንቀቂያ አድርገውታል፤ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ከሚሉ ሰዎች ራቅ፣ ወንዙ ጸጥ ባለበት ምናልባት ውሃው ይጠልቅ ይሆናል ይላሉ። ሼክስፒርም «ሄንሪ ስድስተኛ» በተባለው ተውኔቱ ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ የመስፍኑን የግሎስተርን ስም ለማጥፋት ለሚናገረው ሳፎክ ለተባለው ገጸ ባሕርይ «ወንዙ በሚጠልቅበት ውሃው ለስልሶ ይፈሳል» የሚል ቃል ሰጥቶ፣ የዋህ በሚመስለው መልኩ ሥር ክህደት ደብቋል የሚል ክስ አስከትሎበታል። ሌሎች ቋንቋዎች ይህን የጥርጣሬ መንፈስ እስከ ዛሬ ይዘውታል። ፈረንሳይኛው ከተኛ ውሃ የከፋ ውሃ የለም ይላል፤ ስፓኒሽኛው ከረጋው ውሃ እግዚአብሔር ያድነኝ ብሎ ይጸልያል፤ ሩሲያኛው በጸጥተኛ አዘቅት ውስጥ ሰይጣናት ይኖራሉ ይላል። የእኛም «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚያስጠነቅቀው ስለዚሁ ውሃ ነው፤ ልዩነቱ የእኛው ውሃ ዝም ብሎ ሳይሆን እያጫወተ መውሰዱ ነው።

ምሳሌው ስለ ውሃው ራሱ እውነቱን ነው። ጥልቀት የሌለው ፈሳሽ በወለሉ ላይ ካሉት ድንጋዮች ጋር እየተላተመ ገጹ ይሰባበራል፤ ሲሰባበርም አየር ወደ ውስጡ ይገባና አረፋ ይፈጠራል። የምንሰማው የጅረት ድምፅ በአብዛኛው የእነዚህ የአየር አረፋዎች ንዝረት ነው፤ ሆላንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ማርሴል ሚናርት እ.ኤ.አ. በ1933 አረፋ በትልቀቱ ልክ የራሱን ድምፅ እንዴት እንደሚያወጣ በስሌት አሳይቷል። ወንዙ ሲጠልቅ ድንጋዩ ከገጹ ይርቃል፣ አረፋው ይቀራል፣ ድምፁም ይጠፋል።

በሼክስፒር መስመር ላይ ሌላ ልብ የሚባል ነገር አለ። «ረን» የሚጣመረው «ስሙዝ» ከሚለው ቅጽል ጋር ሲሆን፣ ጥልቀቱ የተነገረው «ነው» በሚለው ግስ ነው፤ ውሃው በእርግጥ ይፈሳል፣ ወንዙ ደግሞ ጥልቅ ነው። ዛሬ በሚነገረው አጭር መልክ ግን ሁለቱ ተዋህደው «ረን» ከ«ዲፕ» ጋር ተቀምጧል፤ የረጋው ውሃ እንዲሮጥ የተገደደው በዚህ መዋሐድ ይመስለኛል። ጀርመንኛ ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ «ሽቲለ ቫሰር ዚንት ቲፍ» ሲል «ዚንት» ናቸው ማለት ብቻ ነው።

ያንን ትርጉም ሳርም «ይሮጣሉ»ን ሰረዝኩት፤ እንግሊዝኛው በብዙ ቁጥር «ዋተርስ» የሚለው ሰፊ ውሃን ሲያመለክት ስለሆነ «ውሃዎች»ንም ወደ «ውሃ» መለስኩና «የረጋ ውሃ ጥልቅ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ተርጓሚው በማግስቱ ደውሎ «ታዲያ ረን የት ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ነው» ውስጥ እንዳለ ነገርኩት።