ካርዳን ሲያርገፈግፍ፦ ስለ አሮጌ መኪኖች አዳማ ላይ የሚባለውና እውነታው

አዳማ ውስጥ ዛሬም አሮጌ መኪና አይጠፋም። ላዳ አለ፣ ፊያት 124 አለ፣ ዲኤክስ ኮሮላ አለ፣ አንዳንዱ ግቢ ውስጥ በደንብ የተያዘ ፔጆ 404 ወይም መርሴዲስ ይገኛል። ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ ሲሄዱ ሁሉም ደህና ይመስላሉ። ፈጣን መንገዱ ላይ ወጥተው 80 ሲያልፉ ነው ጉዱ የሚጀምረው። ወለሉ ይነዝራል፣ ወንበሩ ያርገፈግፋል፣ በኋላ ማሳያው መስታወት የሚታየው ሁሉ ይደበዝዛል። ነገራችን ስለ ካርዳን ነው፤ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ተነሥቶ በመኪናው ሥር ዙሩን ወደ ዲፍሬንሻሉ፣ ማለትም ለኋላ ጎማዎች ወደሚያከፋፍለው ክፍል፣ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ነው።

ያኔ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይመጣል። መካሪው ቅን ነው። ግን ስንቱ ሰው በዚያ ምክር የማያስፈልገውን ዕቃ ገዝቶ፣ መንቀጥቀጡን እንደያዘ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ብር ከማውጣት በፊት መንቀጥቀጡ ከምን ጋር አብሮ እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ማወቅ ይቻላል። ደጋግመው የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«አሮጌ ነው፣ መንቀጥቀጡ አይቀርም»

ይህን ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ። ላዳ 2101 ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊያት 124 ላይ ተመሥርቶ ሲሠራ ሰው በሰላም አገር አቋርጦ እንዲሄድበት ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ አይንቀጠቀጥም ነበር። የካርዳኑ ቱቦ ካልተመታና ካልተጣመመ በዕድሜ ብዛት ብቻ አይበላሽም። የሚያረጁት ክሮቼራው (ካርዳኑ በአንግል እንዲዞር የሚያስችለው የመስቀል ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ)፣ ካርዳኑን መሃሉ ላይ የሚይዘው ኩሺኔታ፣ ጎሚኒዎቹ (የጎማ ትራሶቹ) ናቸው። ሁሉም ይቀየራሉ።

ደግሞም ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያለቀ ክሮቼራ በሩጫ ላይ ሊለቅ ይችላል። የካርዳኑ የፊት ጫፍ አስፋልት ላይ ከወደቀ ካምቢዮውን ይሰብራል፣ ወለሉን ይመታል፣ መኪናውን ከመስመር ሊያስወጣው ይችላል። «ለምጄዋለሁ» እያላችሁ የምትነዱት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ ነው።

«የጎማ ባላንስ ነው»

አንዳንዴ ነው። ስለዚህ ባላንስ ማሠራት ክፋት የለውም፤ ርካሽም ነው። ችግሩ ባላንስ ሦስት ጊዜ አሠርቶ አሁንም ጎማውን መጠርጠር ነው።

ልዩነቱን በስሌት ማየት ይቻላል። 13 ቁጥር ጎማ ያለው አሮጌ መኪና በ90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲፍሬንሻሉ 4 ለ 1 ገደማ ከሆነ (ካርዳኑ አራት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ) ካርዳኑ በዚያው ሰከንድ ከ55 ጊዜ በላይ ይዞራል። ስለዚህ የጎማ መንቀጥቀጥ ዝግ ያለ ነው። የፊት ጎማ ከሆነ መሪውን ያንቀጠቅጣል፣ የኋላ ከሆነ ወንበሩን ይንጣል። የካርዳን ንዝረት ግን ፈጣንና ደቃቅ ነው። በእግር ጣትና በወለሉ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ያጅበዋል። ባላንስ የሳተ ካርዳን የሚፈጥረው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። 60 ላይ እምብዛም የማይሰማው 90 ላይ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

አሁን መኪና በማይበዛበት ሰዓት፣ ሜዳ መንገድ ላይ ሞክሩት። 70 ላይ በአራተኛ ማርሽ ሂዱ፣ ከዚያ በዚያው 70 ወደ ሦስተኛ መልሱ። ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ የካርዳኑና የጎማው ፍጥነት ግን አልተለወጠም። መንቀጥቀጡ ከሞተሩ ጋር ከተለወጠ ጥፋቱ ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑ ወይም የሞተር ሱፖርቶ (ሞተሩን የሚሸከመው የጎማ መቀመጫ) ዘንድ ነው። እንዳለ ከቀጠለ ከካምቢዮው ወዲያ ፈልጉት። ቀጥሎ ነዳጅ ልቀቁና መኪናው በራሱ እንዲሄድ ተዉት። ነዳጅ ሲረገጥ ብሶ ሲለቀቅ የሚቀንስ ከሆነ ክሮቼራውን፣ የካርዳኑን አንግል ወይም ሱፖርቶውን ጠርጥሩ። ቢረገጥም ቢለቀቅም ያው ከሆነ ባላንስ ወይም መጣመም ነው። ይህ ሙከራ ምንም አያስከፍልም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውንም ግምት ያስቀራል።

«ክሮቼራ ቢሆን ኳ ይል ነበር»

ልል የሆነ ክሮቼራ ማርሽ ሲገባ ኳ ይላል፤ እውነት ነው። ግራሶው ደርቆ የተጣበቀ ክሮቼራ ግን ድምፅ የለውም። ከታች ሆናችሁ ካርዳኑን ብትነቀንቁት ጠንካራ ነው፣ «ደህና ነው» ትላላችሁ። ስለዚህ ካርዳኑ መውረድ አለበት። ወርዶ ክሮቼራውን በእጅ ወደ አራቱም አቅጣጫ አንቀሳቅሱት። እንደ ቅቤ መሄድ አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ቀጥ ካለ፣ ከጎረበጠ ወይም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከጠነከረ አልቋል። በክሮቼራው ክዳኖች ዙሪያ ቡናማ የዝገት ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

«ግራሶ ይነፋበት» የሚባለውም እዚሁ ይመለሳል። ግራሶ ጤነኛውን ያቆያል። የመርፌ ኩሺኔታዎቹ ብረቱ ላይ ጎድጓዳ ከሠሩ በኋላ ግን የሚመልሰው ነገር የለም።

«ካርዳኑን እንደወረደ መልሰህ እሰረው፣ ለውጥ የለውም»

ይህ ብዙ መኪና አበላሽቷል። ጋራዥ ገብቶ የፍሪሲዮን ሥራ ተሠርቶለት፣ ከዚያ በኋላ መንቀጥቀጥ የጀመረ መኪና ካላችሁ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

ክሮቼራ በአንግል ሲዞር ባሕርይው እንዲህ ነው። መግቢያው በእኩል ፍጥነት ቢዞርም መውጫው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። አንግሉ 3 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። 10 ዲግሪ ሲሆን ግን ፍጥነቱ 1.5 በመቶ ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ይህ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ሲደጋገም ወለሉን ያስጮኸዋል። መፍትሔው ሁለተኛው ክሮቼራ ነው። የፊተኛው ያፈጠነውን የኋለኛው ያዘገየዋል፣ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ይህ የሚሆነው ግን በካርዳኑ ሁለት ጫፎች ላይ ክሮቼራዎቹን የሚይዙት ሹካዎች በአንድ መስመር ሲገጥሙና የሁለቱ ክሮቼራዎች አንግል እኩል ሲሆን ነው።

ካርዳኑ መሃሉ ላይ የሚንሸራተት ጥርስ ያለው ክፍል ካለውና ሲገጠም በጥቂት ጥርስ ከዞረ ሹካዎቹ ከመስመር ይወጣሉ። ያኔ ዕቃው በሙሉ አዲስ ቢሆንም መኪናው ያርገፈግፋል። ስለዚህ ካርዳን ከመፈታቱ በፊት በጠመኔ ሳይሆን በማይጠፋ ቀለም ወይም በፑንቶ (በመዶሻ እየተመታ ብረት ላይ ነጥብ በሚያወጣ ሹል ብረት) ምልክት ይደረግበት። ከዲፍሬንሻሉ ጋር በቡሎን የሚታሰርበት ፍላንጅ ላይም እንዲሁ።

እዚህ ላይ የድሮ መካኒኮች የሚያውቁት ጠቃሚ ነገር አለ። ምልክቱ ከጠፋ፣ ሹካዎቹም በመስመር ላይ ከሆኑ፣ አራቱን ቡሎን ፈትታችሁ ካርዳኑን ፍላንጁ ላይ ግማሽ ዙር አዙራችሁ እሰሩትና ሞክሩት። የፍላንጁ ትንሽ ስሕተትና የካርዳኑ ትንሽ ስሕተት ተደምረው ከነበረ አሁን ይቀናነሳሉ።

ላዳና ፊያት 124 ላይ ካምቢዮውን ከካርዳኑ የሚያገናኝ ከጎማ (ከላስቲክ) የተሠራ መጋጠሚያ አለ። አዲሱ ዙሪያውን በብረት ቀበቶ ታስሮ ነው የሚመጣው። ቡሎኖቹ ገብተው እስኪያልቁ ቀበቶው አይፈታ። አስቀድሞ ከተፈታ ጎማው ይሰፋል፣ ቡሎን በመዶሻ ይገባል፣ አዲሱ ዕቃ ገና ሳይሠራ ይጎዳል።

«ካርዳን ቀጥ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው»

ፍጹም ቀጥ ያለ ክሮቼራ የመርፌ ኩሺኔታዎቹ አይንከባለሉም። በአንድ ቦታ እየተመቱ ብረቱን ይቦረቡሩታል። ስለዚህ ጥቂት አንግል፣ ቢያንስ ግማሽ ዲግሪ፣ ያስፈልጋል። በዝቶ ሲገኝ ደግሞ መንስኤው ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ጭነት እንዲችል ወይም ኮረኮንች እንዳይነካው ተብሎ ባሌስትራ ይጨመራል፣ መኪናው ከኋላ ከፍ ይላል፣ ዲፍሬንሻሉ አፍንጫውን ይለውጣል። ከዚያ በኋላ ካርዳን መቀየር ምንም አይፈይድም። ስልክ ላይ ያለውን ውሃ ልክ (ዝንባሌ መለኪያ) ይዛችሁ መኪናው በራሱ ጎማ ላይ እንደቆመ የካምቢዮውን፣ የካርዳኑንና የዲፍሬንሻሉን ዝንባሌ ለኩ። የፊትና የኋላ አንግሎች ከአንድ ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ጥፋቱን አገኛችሁት። የተሰነጠቀ የካምቢዮ ሱፖርቶም ይህንኑ ያደርጋል። መኪናው ሲነሣ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀም በኋላ፣ እስከ 40 ድረስ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ሱፖርቶውንና የመሃል ኩሺኔታውን ጎማ አስቀድማችሁ እዩ።

«ያ የተለጠፈው ቁራጭ ብረት ምንድነው? አንሣው»

አታንሡት። የባላንስ ክብደት ነው፤ ፋብሪካ የበየደው። ሊነሣ የሚገባው ጭቃው ነው። ክረምት ላይ መረሬ ጭቃ ካርዳኑ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል፣ ዝገት መከላከያ ሲረጭም ቱቦው አብሮ ይቀባል። በደንብ አጥባችሁና ፍቃችሁ ሞክሩት፤ አንዳንዱ መኪና በዚህ ብቻ ይድናል።

ጥቂት ንዝረት ከቀረ ሁለት ፋሼታ (በቪቴ የሚጠብቅ የቱቦ ማሰሪያ ቀበቶ) ይበቃል። አንዱን ካርዳኑ ላይ በዲፍሬንሻሉ በኩል እሰሩና የፋሼታውን ራስ በአራት የተለያዩ አቅጣጫዎች እያዞራችሁ በየጊዜው ነድታችሁ አወዳድሩ። የተሻለው አቅጣጫ ሲገኝ ሁለተኛውን ጨምራችሁ ራሶቻቸውን ጥቂት በማራራቅ አስተካክሉ። ወለሉን አለመንካቱን አረጋግጡ። ከመኪናው ሥር የምትገቡትም በክሪክ ብቻ ቆሞ ሳይሆን በጠንካራ መቆሚያ ላይ ሲያርፍ ነው። የተጣመመ ቱቦ ግን በፋሼታ አይድንም። ተቆርጦ የተበየደ ካርዳንም በማሽን ላይ ዞሮ ባላንስ ካልተደረገ ሥራው አላለቀም። ቶርኖ ቤት ስትሰጡ ይህንን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«የእኔም መኪና እንዲሁ ነበረች፣ ካርዳን ነው»

መኪናችሁ ቮልስ ከሆነች ሞተሩም ካምቢዮውም ከኋላ ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ካርዳን የላትም። ፔጆ 404 ላይ ደግሞ ካርዳኑ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ክሮቼራው ከካምቢዮው ጀርባ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ከሥር ገብታችሁ የምታዩት ነገር ስለሌለ በማርሽ የሚደረገው ሙከራ እዚያ ላይ የበለጠ ያስፈልጋል። ያንን ቱቦ ማስወረድ ትልቅ ሥራ ነው፤ ጎማው፣ ቸርኬውና ሱፖርቶው ታይተው ሳያልቁ አታስጀምሩት።