ይህ ቅርስ የማን ነው? የቅርስና የጥበብ ሥራ ባለቤትነት እንዴት ይጣራል

የድሮ የብራና መጽሐፍ ስትገልጡ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚል መስመር ታገኛላችሁ፦ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ከግዝቱ አጠገብ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው፣ የጻፈው ደብተራ ወይም ካህን፣ የተሰጠበት ደብር ስማቸው ይሰፍራል። አባቶች ሌባን በደንብ ያውቁት ነበር። መጀመሪያ ይሰርቃል። ቀጥሎ የባለቤቱን ስም ይፍቃል። ለዚህ ነው ግዝቱ ሁለቱንም የጠራው።

ዛሬ ትልልቅ ሙዚየሞችና የጨረታ ቤቶች ባለሙያ ቀጥረው የሚያሠሩት ሥራ ያንን የተፋቀ ስም መፈለግ ነው። በሙያው ቋንቋ ፕሮቨናንስ ይሉታል። አንድ ዕቃ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በማን እጅ እንደነበረ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ በምን መንገድ እንደተላለፈ የሚናገር ታሪክ ነው። በግዢ? በስጦታ? በውርስ? በዘረፋ? እኔ እዚህ «የእጅ ታሪክ» ልበለው። (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር ከመነሻው እንለይ። ዕቃው እውነተኛ ነው ወይስ ተመሳስሎ የተሠራ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ሻጩ የመሸጥ መብት አለው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ብዙ ገዢ የመጀመሪያውን ጠይቆ ይረካል። የተሰረቀ ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ነው። የተሰረቀውም ስለዚህ ነው።

ማጣራቱ የሚጀምረው ከዕቃው ከራሱ ነው። ሥዕል ከሆነ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ያዩታል። የጋለሪ ወረቀት፣ የጉምሩክ ማኅተም፣ በጠመኔ የተጻፈ የጨረታ ቁጥር እዚያ ይገኛል። ብራና ከሆነ የተፋቀው ቦታ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይታያል፤ በዓይን የጠፋ ቀለም አንዳንዴ በዚያ ብርሃን ይነበባል። መስቀል ወይም ጽዋ ከሆነ የተቀረጸበት ጽሑፍ፣ የተጠገነበት ቦታና ጭረቱ ይመዘገባል። ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል። ደረሰኝ፣ የውርስ ሰነድ፣ የድሮ ካታሎግ፣ ፎቶ፣ ከአገር የመውጫ ፈቃድ።

ቀጥሎ የተሰረቁ ዕቃዎች መዝገብ ይታያል። ኢንተርፖል ከ50,000 በላይ ዕቃዎች ያሉበት መዝገብ አለው። ከ2021 ጀምሮ ማንም ሰው በስልኩ አውርዶ የሚፈልግበት አይዲ-አርት የሚባል መተግበሪያም አውጥቷል። በለንደን ያለው አርት ሎስ ሬጅስተር ደግሞ ለጨረታ ቤቶችና ለነጋዴዎች በክፍያ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መዝገቡ ውስጥ የለም ማለት አልተሰረቀም ማለት አይደለም። ፎቶ ያልተነሳ፣ ለፖሊስ ያልተነገረ፣ ከገጠር ደብር በሌሊት የወጣ መስቀል የትኛውም መዝገብ ውስጥ የለም። ከመሬት ተቆፍሮ በድብቅ የወጣ ዕቃማ ጭራሽ ማንም አይቶት አያውቅም።

ወረቀትም ይዋሻል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 ነጀምአንኽ የሚባል የጥንት ግብፅ ካህን የተቀበረበትን በወርቅ የተለበጠ የሬሳ ሣጥን ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ገዛ። በ1971 ከግብፅ በሕግ ወጥቷል የሚል ፈቃድ ነበረው። ሣጥኑ ግን በ2011ዱ የግብፅ አብዮት ግርግር ተዘርፎ የወጣ ነበር። ፈቃዱ የተጻፈው በግንቦት 1971 ነው ይላል፤ ማኅተሙ ደግሞ «የግብፅ ዓረብ ሪፐብሊክ» ይላል። አገሪቱ ግን ይህን ስም የያዘችው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር የምትባለው። ማኅተሙን ከታሪክ ጋር ያመሳከረ ሰው ሊይዘው ይችል ነበር። ሣጥኑ በ2019 ወደ ግብፅ ተመለሰ።

አሁን ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሚሳካ የሚያሳይ የእኛ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሳት ፕሮጀክት ተጀመረ። በውጭ ባለሙያዎች ዘንድ ኢኤምኤምኤል በሚለው ምህጻሩ ይታወቃል። ሠራተኞቹ ከደብር ደብር፣ ከገዳም ገዳም የመጡትን መጻሕፍት ገጽ በገጽ አነሱ። ወደ 9,000 የሚሆን ብራና ተነሳ። ቅጂው በአዲስ አበባም በአሜሪካ ሚኒሶታም ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ዓላማው ጥናት ነበር፤ ሌባ ለመያዝ ማንም አላሰበም።

ዓመታት አለፉ። በዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ትዊድ ከሚባሉ ሰብሳቢ በርካታ የኢትዮጵያ ብራናዎችና ቅርሶች በስጦታ አገኘ። ተመራማሪዎች ከብራናዎቹ አንዱን ከማይክሮፊልሙ ጋር ሲያስተያዩት ያው ሆኖ ተገኘ። የደብረ ሊባኖስ መጽሐፍ ነበር። ፎቶው ገዳሙ ውስጥ እንደነበረ ይመሰክራል፤ ገዳሙ ደግሞ አልሸጠውም። ዩኒቨርሲቲው አልተከራከረም። በ2016 መጽሐፉ ወደ ገዳሙ ተመለሰ። አንድ ድሮ የተነሳ ፎቶ ባይኖር ኖሮ ያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ «የኢትዮጵያ ብራና፣ ከግል ስብስብ» ተብሎ ይቀመጥ ነበር። «ከግል ስብስብ» የሚለው ቃል በማጣራት ሥራ ብዙ ጥርጣሬ ከሚያስነሱት አንዱ ነው። ስሙ ካልተጠቀሰ ማን ይጠየቃል?

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ይህም ለሌቦች በር ይከፍታል። በአሜሪካ ሌባ ባለቤትነትን ማስተላለፍ አይችልም። አስር ሰው እጅ ቢያልፍም የተሰረቀ ዕቃ የተሰረቀ ነው። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ግን በቅን ልቦና የገዛ ሰው የተሻለ ጥበቃ ያገኛል። በጣሊያን ለምሳሌ ሳያውቅ የገዛ ሰው ባለቤት መሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ዕቃ በየት አገር እንደተሸጠ ማወቅ የእጅ ታሪኩ ዋና ክፍል ነው። ሆን ብለው ዕቃውን ለገዢ በሚያደላ አገር የሚያሳልፉ ነጋዴዎች አሉ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ መለያ መስመር የሆነው በሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውር ላይ የወጣው የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ በ2003 ተቀብላዋለች። ስምምነቱ ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራም። ቢሆንም ብዙ ሙዚየሞች 1970ን እንደ ድንበር ይዘዋል። ዕቃው ከዚያ በፊት ከአገሩ እንደወጣ ወይም ከዚያ በኋላ በፈቃድ እንደወጣ ካልታየ አይገዙም። በናዚ ዘመን ከአይሁድ ቤተሰቦች ለተወሰዱ ሥራዎች ደግሞ በ1998 የዋሽንግተን መርሆዎች ወጡ። ከ1933 እስከ 1945 ባለው ጊዜ የእጅ ታሪኩ የተቋረጠ ሥዕል ዛሬ ጥያቄ ሳይነሳበት አይሸጥም። የአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 ጀምሮ ከኅብረቱ ውጭ የመጡ የቆዩ ቅርሶችን ለማስገባት ከትውልድ አገሩ በሕግ ስለመውጣቱ ማስረጃ ይጠይቃል።

በአገራችን ዋናው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ግለሰብ ቅርስ መያዝ አይችልም በማለት ነው። ይችላል። ነገር ግን ማስመዝገብና መጠበቅ አለበት። መሸጥ ከፈለገ ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቃል፤ መንግሥት የመግዛት ቅድሚያ አለው። ከአገር ማውጣት ግን ለጥናት፣ ለኤግዚቢሽን ወይም ለባህል ልውውጥ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ የተከለከለ ነው። ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ ቅርስ መሳይ ዕቃ ይዛችሁ ስትወጡ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት የምትጠየቁት። ከፒያሳ ወይም ከመርካቶ የገዛችሁት አዲስ መስቀል ሊሆን ይችላል። ወረቀት ከሌላችሁ ቦሌ ላይ ሊያዝ ይችላል። ወረቀቱን ማውጣት አሰልቺ ነው፤ እኔ ግን አሠራሩን እደግፈዋለሁ።

ወደ መቅደላ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ዕቃውን ለማውረድ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል። በደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ፤ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ከገዢዎቹ ዋናው ነበር። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ወደ ሙዚየሙ ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ይህ ሁሉ በጽሑፍ አለ። የእጅ ታሪኩ አልጠፋም። ጨረታው ግልጽ ነበር፣ ደረሰኝም ነበር። ግን የዘረፋ ጨረታ ደረሰኝ ምን ዓይነት ባለቤትነት ይሰጣል? ምንም አይሰጥም ባይ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ሰንሰለቱ ከእንግሊዞች በፊትም ቁስል አለበት። አፄ ቴዎድሮስ ከነዚህ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ብዙዎቹን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወስደው ነው መቅደላ ላይ ሊሠሩት ላሰቡት መድኃኔ ዓለም ያከማቹት። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የወርቅ ዘውድ የእቴጌ ምንትዋብ ደብር የጎንደር ቁስቋም ንብረት እንደነበረ ይታመናል። ስለዚህ የማን ነው ሲባል መልሱ ለብዙዎቻችን «የኢትዮጵያ» ነው፤ የእጅ ታሪኩን ለሚከተል ሰው ግን መልሱ ወርዶ እስከ አንድ ደብር ስም ይደርሳል።

ከመቅደላ ታሪኮች ልቤን የሚነካው የ«ኵርዓተ ርእሱ» ነው። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት የሚዘምቱ፣ መሐላ የሚፈጸምበት፣ የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል ነበር። በ1872 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ለእንግሊዝ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ይህን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን ንግሥት ቪክቶሪያ ዱካው አልተገኘም፣ ወደ እንግሊዝም የመጣ አይመስለንም ብለው መለሱ። ሥዕሉ በዚያን ሰዓት ሆልምስ እጅ ነበር። ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ ይዞት ዝም አለ። የንግሥቲቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ሲያገለግል ጭምር ከእሱ ጋር ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ በ1917 ለንደን ላይ ተሸጠ፤ በ1950 ደግሞ ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። የአንድ ሰው ዝምታ ለአንድ ንጉሥ ጥያቄ የሐሰት መልስ አስገኘ።

ጊዜው ግን እየተለወጠ ነው። ድሮ «ከመቅደላ የመጣ» የሚል ወረቀት የዕቃውን ዋጋ ያስወድድ ነበር። በ2021 እንግሊዝ ዶርሴት ውስጥ የመቅደላ ብራናና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሲቀርቡ የኢትዮጵያ መንግሥት ጠየቀ፤ ሽያጩ ተሰረዘ፤ ዕቃዎቹም በኋላ ወደ አገር ገቡ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከመዝገብ ይልቅ የሚያውቅ ዓይን ይበልጣል። በ2001 ኤድንብራ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ታቦት ተገኘ። ያወቀው በኢትዮጵያ የኖረ ካህን ነው። ለሌላ ሰው ጽሑፍ ያለበት እንጨት ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ያሉት 11 ታቦታት ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም። የሙዚየሙ የ1963 ሕግ ዕቃ ከስብስቡ እንዳይወጣ ይከለክላል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ተጣርቶ ቢያልቅም እንኳ የሕግ በር ሊዘጋ ይችላል።

ከቅርብ ጊዜው ስርቆት የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 ተሰርቆ ቤልጅየም ውስጥ ከአንድ ሰብሳቢ ዘንድ ተገኘ፤ በ2001 ተመለሰ። መስቀሉ የታወቀ ስለነበር ባለቤቱን ማስረዳት አላስቸገረም። የጨለቆት ሥላሴ ዘውድ ደግሞ ከደብሩ ወጥቶ ሮተርዳም ደረሰ። በኔዘርላንድስ የሚኖሩት ሲራክ አስፋው በ1998 እንግዳ ይዞት ከመጣ ሻንጣ ውስጥ አገኙት። ለ21 ዓመት ቤታቸው ደብቀው አቆዩት። ባለሙያ መርምሮ ትክክለኛ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ በ2020 መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

እናንተስ? በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ አንድ ሰው የድሮ ብራና ልሽጥላችሁ ቢል መጀመሪያ ዋጋውን አትጠይቁ። ከማን ገዛኸው፣ መቼ ወጣ፣ የመውጫ ፈቃዱ የታለ በሉት። የተፋቀ ገጽ ወይም የተቆረጠ ቅጠል ካለ ተጠንቀቁ። ብራና ገጽ በገጽ ተቀድዶ ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል፤ አንዱ ምክንያት ነጠላ ገጽን ወደ ባለቤቱ ማድረስ ከባድ ስለሆነ ነው። ከአያት የወረሳችሁት ከሆነ ደግሞ አትፍሩ። ፎቶ አንሱት፣ ስለ እሱ የሰማችሁትን ጻፉ፣ ለኤምባሲው ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ።

አገር ቤት ላላችሁ፣ በተለይ በገጠር ደብር ለምታገለግሉ፣ የሚያስፈልገው ስልክና ማስመሪያ ነው። በ1997 የወጣው ኦብጀክት አይዲ የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የዕቃው ዓይነት፣ ልኩ፣ የተሠራበት ነገር፣ የተጻፈበት ቃል፣ ከሌላው የሚለየው ጭረት ወይም ስብራት፣ ፎቶውም ከፊትና ከጀርባ። የዕቃ ቤቱን መስቀልና መጽሐፍ እንዲህ መዝግባችሁ አንዱን ቅጂ በደብሩ፣ ሌላውን በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀምጡ። ታቦቱን ሳይነኩ፣ ከመንበሩ ውጭ ያለውን ብቻ። ብራና ከሆነ ግዝቱ ያለበትን ገጽ አስቀድማችሁ አንሱት።