አገር ሁሉ ሲጨልም፦ አዳማ ላይ የሚባለውና እውነታው

የሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ የማወራው የአገሪቱ መስመር በሙሉ ሲወድቅ ስለሚሆነው ነው። ያኔ አዳማ ላይ ባጃጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ኢንጂነር ይሆናል።

«ንፋስ ማመንጫው አፍንጫችን ስር እያለ እንዴት እንጨልማለን?»

ደህና ጥያቄ ነው። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ግን የንፋስ ተርባይኖች በአብዛኛው የሚሠሩት መስመሩ ላይ ቀድሞ ያለውን ኃይል ተከትለው ነው። መስመሩ ከሞተ፣ የአዳማ ንፋስ ጣራ ቢገነጥልም ዋጋ የለውም።

«ትልቁን ግድብ መክፈት ነው፣ አለቀ!»

መጀመሪያ የሚፈለገው ትልቅነት አይደለም፤ ከውጭ ኃይል ሳይለምን ራሱን ማስነሳት የሚችል ማመንጫ ነው። የውሃ ማመንጫ ለዚህ ይመቻል። የተርባይኑን የውሃ በር ለመክፈትና ጄኔሬተሩን ለማንቃት ባትሪና አነስተኛ የናፍጣ ሞተር ይበቃዋል። ጎረቤታችን ቆቃ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚሠራ፣ 43 ሜጋ ዋት ብቻ ያለው ነው። በዓይነቱ ግን ከዚህ ወገን ነው። ስፔንም ኤፕሪል 28፣ 2025 ስትጨልም የተነሳችው በውሃ ማመንጫዎቿና ከፈረንሳይና ከሞሮኮ በመጣ መስመር ነው።

«መጥቶ ወዲያው የሚሄደው ሆን ብለው ነው»

ይሄኛው ላይ እኛም እጃችን አለበት። እንጀራ እየጋገርን መብራት ይሄዳል። ምጣዱን ሳናጠፋ ሊጡን ከድነን እንወጣለን። አንድ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። መብራት ሲመለስ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ባንዴ ይነሳል፤ ሲሞቅ የቆየው ፍሪጅም ሁሉ አብሮ። ገና የተነሳ ማመንጫ ይህን ሸክም አይችልም። ፍሪኩዌንሲው (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ከ50 ኸርዝ በታች ይወርዳል፣ የመስመሩ አውቶማቲክ መቁረጫ ይቆርጠዋል፣ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ምጣዱንና ፍሪጁን ንቀሉ፤ መምጣቱን እንድታውቁ የአንድ አምፖል ማብሪያ ብቻ እንደበራ ተዉ። ሲመጣ ትንሽ ታግሳችሁ ሰኩ።

«ቅድሚያ ለባለሥልጣን ሰፈር ነው»

ሐሜቱን እዚህ አልፈርድም። መስመሩን መልሶ የማስነሳት እቅድ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለሌሎች ማመንጫዎች ማስነሻ፣ ለሰብስቴሽኖች (ለኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎች)፣ ከዚያ ለሆስፒታልና ለውሃ ፓምፕ ነው። አዳማ ውሃዋን ከአዋሽ በፓምፕ ስለምትስብ መብራት ሲቆይ ቧንቧውም ይደርቃል። ከሆስፒታል ጋር አንድ መስመር ላይ ያለ ቤት አብሮ ይበራለታል። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ሰፈር የሚመረጠው ፍጆታው በዚያች ሰዓት ማመንጫው ከሚችለው ጋር ስለገጠመ ብቻ ነው። መንገዱ ማዶ በርቶ እናንተ የጨለማችሁት ለዚህ ሊሆን ይችላል።