«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል»

ይህ አባባል በአብዛኛው የሚነሳው በትዳር ጉዳይ ነው፤ ደግ ሚስቱን ንቆ ውጭ ውጭውን ለሚያይ ባል ይባላል። የተቀዳው ግን ከጌጥ ነው። ወርቅና መዳብ በመልክ ይቀራረባሉ፤ የሚለያቸው እሳትና ሚዛን ነው። ከጣት የማይወጣ ቀለበት ደግሞ አይመዘንም፣ አይፈተንም። ልብ በሉ፤ አባባሉ ወርቁ ተለወጠ አይልም። የረከሰው በባለቤቱ ግምት ነው፤ ወቀሳውም ለባለቤቱ ነው።

ሐረር ለሚኖር ሰው ይህ አባባል ከትዳር ይልቅ ጌይ ሲናንን፣ የሐረሪዎችን ቋንቋ ያስታውሳል። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ አንድ አያት ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ የልጅ ልጃቸውን ክር እንዲያቀብላቸው በጌይ ሲናን ይጠይቁታል። ልጁ ያዘዙትን ቀለም መርጦ ያቀብላል። «ይኸው፣ ሌላ ልጨምር?» ይላል፤ በአማርኛ። ሰምቷል፣ ገብቶታል፣ ግን አልተናገረውም። ቋንቋ በአዋጅ ብቻ አይጠፋም፤ እንዲህ ባለ መልስም ይጠፋል።

ጌይ ሲናን የሚናቅ ቋንቋ አይደለም። የአማርኛ ዘመድ፣ የስልጥኛ ደግሞ የቅርብ ዘመድ ነው። ለዘመናት በዓረብኛ ፊደል ሲጻፍ ኖሯል፣ አሁን በግዕዝ ፊደልም ይጻፋል፣ ከኦሮምኛ ጋር የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። ተናጋሪዎቹ ግን በአሥር ሺዎች ብቻ የሚቆጠሩ ናቸው። በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የግንቡ ድንጋይ ቢወድቅ መልሶ ይካባል። የቋንቋ ግን እንዲያ አይደለም።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎችም ዳር ቆመን የምናየው ጉዳይ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ዓባይ ዳር ይነገር የነበረውን ጋፋትኛ የዋጠው አማርኛ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወስዷል። በ1947 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው ቋንቋውን ፍለጋ ሲሄድ ያገኘው አራት ተናጋሪዎችን ብቻ ነበር።

«ጌይ ሲናን እንጀራ አያበላም» የሚሉ ወላጆች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ልጃቸው ወደ ኋላ እንዲቀር አይፈልጉም። ነገር ግን የሐረር ልጅ አማርኛና ኦሮምኛን ከጎረቤትና ከገበያ ሳያስበው ይለምዳል፤ ቤቱ ጌይ ሲናን ስለተናገረ የሚጎድልበት የለም። ትምህርት ቤት ፊደሉን ያስጠናዋል። ቁጣውን፣ ማባበሉን፣ የለቅሶውንና የሠርጉን ወግ በጌይ ሲናን የሚሰማው ግን ከእናት ከአባቱ ነው፤ ያም ገና አፉን ሲፈታ መጀመር አለበት።