በጎጃም የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማጠናቀቂያ ጊዜ

የማጠናቀቂያ ጊዜ የሚባለው አንድ ተማሪ ከተመዘገበበት ቀን አንሥቶ ዲግሪውን እስኪቀበል የሚሰጠው የዓመት ብዛት ነው። በጎጃም ምድር ጉዳዩ በዋናነት የሚነሣው በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ባሕር ዳር ዛሬ ራሱን የቻለ የከተማ አስተዳደር፣ እንጅባራም የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በመሆናቸው ከጎጃም ጋር መቆጠራቸውን የማይቀበል ይኖራል፤ እዚህ ስሙ የተወሰደው በቀድሞው ጠቅላይ ግዛት ስፋት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጎጃም ከዲግሪ በፊት የሚያውቀው ከፍተኛ ትምህርት የጊዜ ጣሪያ አልነበረውም። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ የሚለካው በቆየበት ዓመት ሳይሆን በደረሰበት የቅኔ ዓይነት ነው። ሁለት ቤት (ስንኝ) ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና በዘአምላኪየ፣ በዋዜማና በሥላሴ በኩል አድርጎ ወደ መወድስ ይወጣል። ቀን ደበሎውን ለብሶ ዛፍ ሥር ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲደርስ፣ ይውላል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ከተበላሸበት ደግሞ ይቆጥራል። አንዱ በሁለት ዓመት ቤት ሲሞላ (ዓይነቶቹን ሁሉ ሲጨርስ) ሌላው ብዙ ክረምት ይከርምበታል፤ የኔታ ግን ዓመት ቆጥረው ተማሪ አያሰናብቱም። ከጎንጅና ከዋሸራ የቅኔ መንገድ የትኛው ይቀድማል የሚለው ሊቃውንቱን ሲያከራክር የኖረ ስለሆነ እዚህ አይቆረጥም። ዲማ የሊቃውንት መፍለቂያ መሆኗ ግን ክርክር የለበትም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ወደ አስኳላ ከመግባታቸው በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል።

በዓመት የተቆጠረው ከፍተኛ ትምህርት የመጣው በ1955 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ከተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ጋር ነው። ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ የፔዳጎጂ አካዳሚው ተከተለ። ሁለቱ በኋላ ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቢሆኑም ተማሪው ግቢዎቹን ዛሬም "ፖሊ" እና "ፔዳ" ይላቸዋል። በደርግ ዘመን መጀመሪያ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ያሰማራው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የብዙ ተማሪዎችን ትምህርት አቋርጧል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ማስተማር ጀመረ፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ ይህን ያህል መጠበቅ አልነበረባትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንጅባራ ከሁሉም ታናሽ ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪ መደበኛ ርዝመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀይሯል። ቀድሞ አራት ዓመት ይፈጅ የነበረው አብዛኛው ትምህርት፣ የመሰናዶው (የ11ኛና የ12ኛ ክፍል) ሥርዓት ሲጸና፣ ከ1996 ጀምሮ ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በ2012 የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ተመልሰው ሲመጡ እንደገና አራት ሆነ። ምሕንድስናና ሕግ አምስት ዓመት፣ ሕክምና ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤታቸው ያልበቃ ተማሪዎች የሚገቡበት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ በተለምዶ "ሬሚዲያል" የሚባለው፣ ከፊት ተጨምሯል።

ከመደበኛው ዓመት በላይ ምን ያህል መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ነው። ይሁንና ተማሪውን የሚያዘገየው ከሕጉ ይልቅ የኮርሶቹ ዑደት ነው። ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል፤ ያልተስተካከለ ኤፍም (የመውደቂያ ውጤት) መኖር የለበትም። በመጀመሪያው መንፈቅ የሚሰጥ ኮርስ በሁለተኛው ስለማይገኝ፣ አንዲት ኤፍ አንድ ሙሉ ዓመት ልትበላ ትችላለች። የወደቀው ኮርስ ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ደግሞ ሰንሰለቱ ይረዝማል። በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር የሚያቋርጥ ተማሪ መልቀቂያ ሞልቶ መውጣት አለበት፤ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከመኝታ ክፍል ተቆጣጣሪና ከምግብ ቤት ፊርማ ይሰበስባል። ያቺን ወረቀት ሳያስፈርም በሌሊት አውቶቡስ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ቢቸና የሄደ፣ ሲመለስ ዳግም ቅበላ ለማግኘት ይቸገራል። ወረቀቷ ተራ ትመስላለች፤ ዋጋዋ የሚታወቀው ስትጠፋ ነው። በሦስት ዓመቱ ሥርዓት ገብቶ ያቋረጠ ሰው ደግሞ ተመልሶ ሲመጣ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ ስለሚጠብቀው፣ የወሰዳቸው ኮርሶች ከአዲሶቹ ጋር እየተነጻጸሩ ይያዙለታል ወይም ይቀሩበታል።

ተማሪው ሳያጠፋ የሚባክን ጊዜም አለ። በመጋቢት 2012 ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ፤ በቀጣዩ ዓመት ሲከፈቱ ቅድሚያ የተሰጠው ለተመራቂዎች ነበር። በ2015 ክረምት በክልሉ ግጭት ሲቀሰቀስ የ2016 የተማሪዎች ጥሪ ለወራት ዘገየ። በዚህ መሀል ስንቱ ተማሪ ትምህርቱን እንደተወ የሚባለው ከሰው ሰው ይለያያል። መምህራኑ ትምህርቱን አጣድፈው ዓመቱን ለማካካስ ያደረጉት ጥረት ግን ሊመሰገን ይገባዋል።

የክረምት ተማሪዎች ቆጠራ ሌላ ነው። ከገጠር ወረዳዎች የሚመጡ መምህራን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጃንጥላቸውን ይዘው ፔዳ ወይም ማርቆስ ይገባሉ። ለእነሱ ዲግሪ የሚቆጠረው በክረምት ነው፤ አንድ ክረምት ያመለጠው ሰው እስከሚቀጥለው ሐምሌ ይጠብቃል። ለሁለተኛ ዲግሪ የተለመደው ሁለት ዓመት ሲሆን የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው።

ከ2015 ወዲህ የመጨረሻው በር የመውጫ ፈተና ሆኗል። የሕግ ተማሪዎች ቀድሞም ያውቁት ነበር፤ አሁን ሁሉንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይመለከታል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ኮርሱን ሁሉ በወቅቱ ጨርሶ ፈተናውን ያላለፈ ሰው ዲግሪውን አይቀበልም፤ በሚቀጥለው ዙር በድጋሚ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ሰው ከመኝታ ክፍሉ ወጥቷል፣ የምግብ ካርዱን መልሷል፤ ስለዚህ ፈተናው ሲደርስ ከቤቱ ተነሥቶ ይመጣል። አንዳንዱ ወላጆቹ ለምርቃት የገዙለትን ሱፍ ሳጥን ውስጥ አጣጥፎ ትቶ።